ደህና ነኝ ያለው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ታሞ «ደህና ነኝ» የሚል። ትርንጎ ልጄ፣ የዚህን ሰው ነገር ያነሳሁት ለጥያቄሽ ነው። «አባዬ፣ ጤና ኬላው ልኮኝ ሰዎች ውሃ አፍልተው ይጠጡ እንደሆነ ቤት ለቤት ጠየቅሁ። ሰንብቼ እነዚያኑ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ ደግሜ ጠየቅኋቸው። ሁሉም የፊተኛውን መልስ ሰጡኝ። እንግዲህ ቃላቸውን ልመን?» አልሽኝ። ስሚ።

ሰውዬው ጎኑን ሲወጋው ከረመ። ቤት ውስጥ ያቃስታል፤ ውጭ አይናገርም። ሚስቱ ሰጋችና ወንድሟን፣ «እስቲ አንተ ጠይቅልኝ፤ ለእኔስ አልነግር አለኝ» አለችው። ወንድሟም ሰውዬውን መንገድ ላይ አገኘው።

«እንዴት ከረምክ? ደህና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? ከብቶቹስ?»

በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ደግሞ ጠየቀው። ያው ምስጋና ነው። ወንድምዬው ለእህቱ፣ «ደግሜ ጠየቅሁት፣ ቃሉ አልተለወጠም። ባልሽ ደህና ነው፤ አንቺ ነሽ ፈሪዋ» አላት። ሰውዬው ግን እየከሳ ሄደ።

በወንፈል፣ ተራ በተራ እየተጋገዙ፣ አብሮት የሚያርስ አንድ ጎረቤት ነበረው። በእርሻ ቀን ይህ ጎረቤት ምንም አልጠየቀም። የማረሻውን እርፍ አስጨበጠውና፣ «እስቲ ይቺን አንድ ትልም አውጣልኝ» አለው። ሰውዬው ግማሽ ሳያደርስ ጎኑን ይዞ አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

ጎረቤቱ አጠገቡ ቁጭ አለ። «አንተን ደህና ካልንማ ሬሳም ደህና ነው። የት ላይ ነው የያዘህ?»

ሰውዬው ሳቅ ቢመጣበት ጎኑ አላስቻለውም። «እዚህ ጋ» ብሎ አሳየው። የዚያኑ ዕለት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ዳነ።

አየሽ ልጄ፣ ሰውዬው ዋሾ አልነበረም። መንገድ ላይ ሰላም ላለ ሰው ሕመም አይዘረገፍም፤ ነውር ነው። ያንቺም ሰዎች እንደዚሁ ናቸው። ደጅ ቆመሽ «አፍልታችሁ ትጠጣላችሁ?» ስትያቸው «አዎ» ያሉሽ አክብረውሽ ነው። ደግመሽ ስትሄጂ ደግመው አከበሩሽ። መልሱ አንድ መሆኑ ጨዋነታቸውን ነው የነገረሽ፤ የውሃውን ነገር አልነገረሽም።

ስለዚህ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ «ጠማኝ» በያቸው። ከየት እንደሚቀዱልሽ እይ። ጥያቄሽን ከዚያ በኋላ አምጪው። ከምንጭ ከመጣው ጀሪካን ሳያፈሉ ከቀዱልሽ ደግሞ፣ ቢለምኑሽም እንዳትጠጪ። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም።