የከርከሮ ጅራት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እያላችሁ አዳምጡኝ።

ዱሮ ከርከሮ የማር ነጋዴዎች አለቃ ነበረች። እናቷ አርጅታ ዓይኗ ስለጠፋ የልጇን ጅራት በአፏ ይዛ ገበያ ለገበያ ትከተላት ነበር። አንድ ቀን አብሯት የሚነግደው ጦጣ፣ «አለቃዬ፣ አሮጊት እየጎተቱ ንግድ የለም። እሷን እቤት ተያት፤ ማሩንም የወንዝ ጭቃ ጨምረን እናብዛው» አላት።

ከርከሮም «እናቴ የማትቀምሰውን ማር አልሸጥም» አለችው። ጦጣ ተቆጥቶ የድርሻውን ማር ወሰደና በጭቃ ለውሶ ከፊት ለፊቷ መሸጥ ጀመረ።

በዚያው ሰሞን ዝሆን ልጁን ሊድር ለጠጅ የሚሆን ማር ፍለጋ መጣ። በአገሩ ወግ ሻጭ ሳይቀምስ ገዢ አይቀምስም። ጦጣ ፊቱን እንኳ ሳያጨፈግግ ከቅሉ አንድ ጉንጭ ዋጠ።

ዝሆን ግን ብዙ ያየ ነውና፣ «ነጋዴ ለትርፉ ሲል ጭቃም ይውጣል። እናቶቻችሁ ይቅመሱልኝ» አለ።

የከርከሮ እናት ላሰችና «ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ድገሚኝ» አለች። የጦጣም እናት ከቤቷ ተጠርታ መጣች። ቅሉን ወደ አፏ ስታስጠጋ ጦጣ ዘሎ ነጠቃት።

«እማ፣ አንቺስ ተይው» አላት።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዝሆን የከርከሮን ማር ጠብታ ሳያስቀር ገዝቶ እናትና ልጅን ለሰርጉ ጠራ። ከርከሮም እናቷ እንዳታጣው ጅራቷን ቀጥ አድርጋ አቆመችና፣ አሮጊቷን አስከትላ በእልልታ ሰርጉ ቤት ገባች። ይኸው እስከ ዛሬ ከርከሮ ሲሮጥ ጅራቱ አይወርድም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን ጭቃ በሌለው ማር አብሱ።