ቆዳ የማይጠብቀው እንግዳ

አንድ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረ። ቤተ መጻሕፍቱ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው፤ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ፣ ከላይ ማንበቢያ፣ ከታች ሰፋ ያለ ክፍል። ኃላፊው በዚያ ክፍል በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዝግጅት ያደርግ ነበር። አንድ ወር የመጽሐፍ ውይይት ይሆናል፣ አንድ ወር ስለ ከዋክብት የሚያስረዳ መምህር ይመጣል፣ አንድ ወር ደግሞ በየአገሩ ስላለው የሠርግ ዘፈን የሚያወራ ሰው።

ትርሲት፣ «ጋሼ፣ ስንት ሰው ሲገባ ነው ዝግጅት የሚጀመረው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። «ጋሼ የማይቆጥረው ነገር የለም» ሲሉ ሰምተሽ ነው ወደ እኔ የመጣሽው። ቁጥሩን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

በግቢው የቢሮ እጥረት ነበረ። የግቢው ምክትል ኃላፊ አንድ ቀን ወደዚያ ክፍል ገባና በእርምጃ ለካው። «ይህ ስድስት ቢሮ ይወጣዋል» አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ለመነ። ተማሪ ከክፍል ትምህርት ውጭ ሌላ ነገር የሚሰማበት ቦታ በግቢው ይህ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ምክትሉ ክፉ ሰው አልነበረም። ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፤ ሦስት ዝግጅት መጥቼ አያለሁ። ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ክፍሉ ያንተ ነው። ካልሆነ ግንበኛ እልካለሁ» አለው።

ኃላፊውም ምክትሉን የክብር እንግዳ አደረገው። ከፊት ረድፍ መሐል አንድ ወንበር ለይቶ ነጭ ጨርቅ አለበሰው። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ አኖረ፤ በጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውኃና የፕላስቲክ አበባ።

በመጀመሪያው ሐሙስ ለመጽሐፍ ውይይት ሠላሳ ስምንት ተማሪዎች መጡ። አራት ሰዓት ሆነ፤ ምክትሉ የለም። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ትንሽ ታገሡን፤ የክብር እንግዳችን መንገድ ላይ ናቸው» ይላል። አራት ተኩል ሆነ። ተማሪ ክፍል አለው፣ ፈተና አለው፣ ምሳ አለው። አንድ በአንድ ወጡ። ምክትሉ አምስት ሰዓት ከአሥር ሲደርስ ዘጠኝ ሰዎች አገኘ፤ ከዘጠኙ ሦስቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። «ዘጠኝ ሰው ነው?» አለና ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ኃላፊው፣ «ሌሎቹ እርስዎን ሲጠብቁ ቆይተው ሄዱ» ለማለት አልደፈረም።

እኔ ይህን አስልቼዋለሁ። ሠላሳ ስምንት ሰው እያንዳንዱ ሰባ ደቂቃ ቢጠብቅ አርባ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይሆናል። አንድ ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ገብቶ ቢሠራ ያን ያህል አይሞላም። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ትንሽ ስለሆነ ማንም አልጮኸም እንጂ፣ የአንድ ሰው ሙሉ ሳምንት በዚያ ክፍል ውስጥ ተደፍቶ ቀርቷል። እርግጥ ሁሉም እስከ መጨረሻው አልጠበቁም ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። እነሱ ግን እግራቸው ብቻ አይደለም የሄደው፤ ሁለተኛ ላለመምጣት ወስነው ነው የሄዱት።

ይህም በሁለተኛው ወር ታየ። ሃያ አንድ ሰዎች ብቻ መጡ። አሁንም ጠበቁ። ምክትሉ ሲደርስ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፣ ወንበሮቹን ለመሰብሰብ የቆመች። ምክትሉ እንደገና ጻፈ። ሲወጣ፣ «አንድ ብቻ ነው የቀረህ» አለው።

ለሦስተኛው ዝግጅት ኃላፊው ብራና ፋቂ ጋበዘ። መጽሐፍ ወረቀት ከመሆኑ በፊት ቆዳ እንደነበረ ተማሪው በዓይኑ ይይ ብሎ ነው። ሽማግሌው ከሩቅ አገር መጡ። የፍየሉን ቆዳ ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በባልዲ ይዘውት በአውቶቡስ ተሳፈሩ። ሽታው ከባድ ስለሆነ ያን ሁሉ መንገድ ከጎናቸው የተቀመጠ ሰው አልነበረም። «ተመችቶኝ ተኝቼ መጣሁ» አሉ ሲወርዱ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቆዳውን ከባልዲው አውጥተው በአራት እንጨቶች መሐል በገመድ ወጠሩት። ቢላቸውን ሳሉ። አራት ሰዓት ሲሆን ሃያ ስድስት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ወንበሩ ነጭ ጨርቁን ለብሷል፤ ምክትሉ የለም።

ኃላፊው፣ «አባቴ፣ ትንሽ እንጠብቅ፤ የክብር እንግዳ አለብን» አላቸው።

«ይምጣ እንጂ» አሉ ሽማግሌው።

አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ሽማግሌው ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉና ውኃ ረጩበት። ለአምስት ሃያ ጉዳይ ሲሆን እንደገና ረጩ። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ማውጣት ጀመሩ።

«እንግዳው ከየት ነው የሚመጣው? ከጅቡቲ?» አለ አንዱ።

«ኧረ ከማዶው ሕንፃ ነው» አለችው ጓደኛው። «መንገዱ ግን በሰባት ስብሰባ በኩል ነው የሚያልፈው።»

ተሳሳቁ። ቀጥሎ የቦርሳ ዚፕ ሲዘጋ ተሰማ። ይህን ድምፅ ኃላፊው ካለፉት ሁለት ወራት ያውቀዋል፤ አንዱ ከዘጋ ሌላውም ይዘጋል።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ጠሩት። «ልጄ፣ ይህ ቆዳ ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጥቷል። በሦስተኛው ይልፈሰፈስና ቢላው ይቀድደዋል። አሁን ካልፋቅሁት ደግሞ ይደርቅና ከበሮ ይሆንልሃል።»

«ትንሽ ብቻ፣ አባቴ። እኚህ ሰው ካልመጡ ክፍሉን ልናጣው ነው።»

«እኔስ እሰማሃለሁ። ቆዳው ግን የክብር እንግዳ አያውቅም።»

ኃላፊው ወደ በሩ አየ፣ ወደ ወንበሩ አየ። እንግዳው ሳይመጣ ቢጀምር ምክትሉ ይቀየማል፣ ክፍሉም ይሄዳል። ቢጠብቅ ቆዳው ይደርቃል፣ ተማሪው ይወጣል፣ ክፍሉም ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ ክፍሉ የሚሄድ ከሆነ፣ በአንደኛው መንገድ ሃያ ስድስት ሰዎች የመጡለትን ነገር አይተው ይመለሳሉ። ይህን አሰበና ሄዶ ነጩን ጨርቅ ከወንበሩ ላይ ገፈፈው። ወንበሩንና ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ቆዳውን ከነእንጨቱ ወደ መሐል አመጣው፤ ፍቅፋቂው እንዲወድቅበትም ጨርቁን ከሥሩ አነጠፈው።

«ይጀምሩ» አለ።

ሽማግሌው ጀመሩ። ቢላው እርጥቡ ቆዳ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ልዩ ነው፤ ሻር፣ ሻር ይላል፣ ጆሮ ይጎትታል። ተማሪዎቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ከበቧቸው። ሽማግሌውም ብቻቸውን መሥራት አልወደዱም። «ማነው ጎበዝ?» አሉ።

አንድ የምህንድስና ተማሪ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣና ቢላውን እንደ መጥረቢያ ያዘው።

«ቀስ! ይህ ፍየል አንድ ጊዜ ታርዷል!» አሉት።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጁም በድንጋጤ ቆዳውን በሳው፤ በእህል ፍሬ ልክ የሆነች ቀዳዳ ወጣች። «ግድ የለም፣ እሰፋታለሁ» አሉና ቢላውን ተቀበሉት። ቀጥላ አንዲት ቀጭን የሕግ ተማሪ ሞከረች። እጇ እንደ ዘይት ሄደ።

«አንቺን ማን አስተማረሽ?»

«አባባ፣ ሰባት እኅትና ወንድም አለኝ። ድንች ስልጥ ነው ያደግሁት።»

ሳቁና የቢላው ድምፅ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ከላይ ሲያነቡ የነበሩት «ምንድን ነው?» እያሉ ወረዱ። ወደ ምሳ የሚሄዱት በመስኮት አይተው ገቡ። አምስት ሰዓት ሲሆን በጠረጴዛ ላይ የቆመ አለ፣ በመስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠ አለ።

ምክትሉ ክራቫቱን አሥሮ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰ። በሩ በሰው ጀርባ ተዘግቷል። አንድ ጊዜ ሳል አለ፤ የዞረ የለም። «አሳልፉኝ» አለ።

አንድ ተማሪ ፊቱን ሳያዞር፣ «ወንድሜ፣ እኛም ከቆምን ቆየን። እዚያ ጋ የመጽሐፍ ሣጥን አለ፤ ላዩ ላይ ብትቆም ታያለህ» አለው።

ምክትሉ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ሣጥኑ ላይ ወጣ።

ኃላፊው ከክፍሉ ማዶ የምክትሉን ራስ ከሁሉ ራስ በላይ አየውና ደነገጠ። ሰው እየገፋ ሊሄድ ሲል፣ ምክትሉ በእጁ «ተወው፣ ቁም» አለው። ሽማግሌው ቀድሞ ያለቀ ነጭ ብራና ከቦርሳቸው አውጥተው ተማሪዎቹ እንዲነኩት ሰጡ። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሣጥኑ ጋ ደረሰ። ምክትሉም በጣቱ ደባበሰውና ወደ ጎኑ አሳለፈው።

ሲያልቅ ኃላፊው ሄዶ ፊቱ ቆመ።

«ማን ከፈተው?» አለ ምክትሉ። የመክፈቻውን ንግግር ማለቱ ነው።

«ቆዳው ነው የከፈተው፣ ጌታዬ። እኛ ልንጠብቅዎ ነበር፤ እሱ እምቢ አለ።»

ምክትሉ መጀመሪያ ሊቆጣ ፈለገ። ቀጥሎ ከቆዳው ፊት ሊሄዱ ያልፈለጉትን ተማሪዎች አየ፣ የቆመበትን ሣጥን አየና ሳቅ አመለጠው። «ስንት ሰው ነው?» አለ።

«ሰባ ሦስት።»

«ከእኔ ጋር?»

«ከእርስዎ ጋር ሰባ አራት።»

ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «ሰባ አራት» ብሎ ጻፈ። ግንበኛም አልተላከም። በቀጣዩ ወር ለአራት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀር መጣ፤ ሁለቱ የፊት ረድፎች ስለሞሉ ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ። ቀዳዳዋ የተሰፋችው ብራና በዚያ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። የምህንድስናው ልጅ ጓደኞቹን እያመጣ፣ «ይቺ የእኔ ናት» ይላል አሉ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ባለፈው ማክሰኞ አንቺ ባዘጋጀሽው ውይይት ላይ እኔም ነበርኩ። ስንገባ አሥራ አንድ ነበርን። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ በስልክ የቀሩትን ትለምኛለሽ፤ እኛ የመጣነው ጀርባሽን እናያለን። ስትጀምሪ ስድስት ቀርተን ነበር። እኔም ከስድስቱ አንዱ የሆንኩት ስለምወድሽ ነው።

ያ ቆዳ ማለት የመጣ ሰው ልብ ነው። ከቤቱ ሲወጣ ርሶ ነው የሚወጣው፤ ልስማ፣ ልይ፣ ልጠይቅ ብሎ። ስታስጠብቂው ይደርቃል። ለስላሳና ብስኩት ብታዞሪ ውኃ እንደ መርጨት ነው፤ አንዴ ይረዳል፣ ሁለቴ ይረዳል፣ ሦስተኛው ላይ ያበላሻል። የደረቀ ሰው ላይ ደግሞ ምንም ቢሆን አይጻፍም። ምክትሉ ማለት በስልክ የምትጠሪው ሰው ነው። እሱን የሚያመጣው ልመናሽ አይደለም፤ ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ነው። ያም ድምፅ ካልጀመርሽ አይኖርም።

ቁጥር ከእኔ ፈልገሻል፤ ቁጥሩ አንድ ነው። የቀጠርሽው ሰዓት ሲደርስ መጥቶ የተቀመጠ አንድ ሰው ካየሽ፣ የክብር እንግዳሽ ገብቷል፤ ጀምሪ።