ሻጋታ የበላው የሠርግ ካሴት

አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ ከሠርጉ ዕለት ጀምሮ ታናሽ ወንድሙን አላናገረም።

መምህር ጥላዬ እንዲህ ብለው የጀመሩት ትርንጎ ለምትባል ጎረቤታቸው ሲመልሱላት ነው። ትርንጎ እናቷ በሞቱ በሣልስቱ እህቷ የእናታቸውን ሣጥን ተሸክማ በጓሮ በር ስትወጣ አየቻት፤ ከዚያ ወዲህ ቤቷን ዘግታባታለች። «እርቅ አይበሉኝ። በዓይኔ ያየሁትን ምን ብዬ ልጠይቃት?» አለቻቸው። መምህሩም ቀጠሉ።

ባለጠጋው ሲያገባ አንደኛ ሚዜው ያ ታናሽ ወንድሙ ነበር። ሚዜ በዚያ ቀን ከሙሽራው ጎን ንቅንቅ አይልም። ሙሽራው ሙሽሪትን ሊያመጣ ከመሄዱ በፊት ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት ሲስም ግን፣ ታናሽየው ከአጠገቡ ተነሥቶ ወጣ። አልተመለሰም። መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ያለ እሱ ሄዱ። ሙሽራው በሰው ፊት አፈረ። «ቀንቶብኝ ነው» አለ፤ ቂም ያዘ። አባትየው በዚያው ክረምት ሞቱ፤ ወንድማማቾቹ በለቅሶው ድንኳን እንኳ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀመጡ።

ዓመታት አለፉ፤ ባለጠጋው ልጁን ሊድር ሆነ። ሽማግሌዎች መጥተው፣ አጎት የሌለበት ሠርግ አያምርምና ታረቁ ብለው ለመኑት። እሱ ግን ክፋቱን በካሴት አሳያችኋለሁ አላቸው። ያኔ በእጅ ካሜራ የተቀረጸው ካሴት በመጋዘኑ ጥግ ወድቆ ነበር። ሲያወጣው ሻጋታ በልቶታል። ይዞት ያረጀ ካሴት ወደሚያድን ባለሙያ ሄደ።

ባለሙያው ክሩን በጥጥና በአልኮል እየጠረገ፣ የተጨማደደውን እያቃና ወደ ኮምፒውተር ይገለብጠው ጀመር። ባለጠጋው ከጎኑ ተቀምጦ ያያል። ምስሉ አንዴ ይጠራል፣ አንዴ ይንቀጠቀጣል። ጉልበት መሳሙ ጋ ሲደርስ ራሱን አየ፤ ወጣት ነው፣ ተንበርክኳል፣ ወንድሙም ከጎኑ ነው። ከዚያ ስክሪኑ በአረንጓዴና በግራጫ ቁርጥራጭ ተሞላ። መልሶ ሲጠራ የወንድሙ ጀርባ በሩን ሲያልፍ ይታያል።

ባለጠጋው ደስ አለው። ልክ እንዳስታወሰው ነው። መሃል ያለውን ብልሽት ቆርጦ እንዲጥልና ደኅና የሆኑትን ሁለቱን ክፍሎች እንዲያገናኝለት አዘዘ።

«እጥለዋለሁ ጋሼ» አለ ባለሙያው። «ምስሉ አልቆለታል። ድምፁ ግን ደኅና ነው፤ የሰው ንግግር አለበት። መጀመሪያ ይስሙት።»

ቪዲዮ ቀራጩ የተንበረከከውን ሙሽራ ፊት ለማግኘት ብሎ ከአባትየው ወንበር ኋላ ቆሞ ኖሯል፤ ካሜራው ከአፋቸው ብዙም አይርቅም። በእልልታው መሃል የባለጠጋው ሟች አባት ድምፅ መጣ።

«አንተ ልጅ፣ ጠጋ በል። ደረቴን ወግቶኛል፤ መነሣት አልቻልኩም። ቀስ ብለህ ውጣና ጎረቤታችን ነርሷን ጥራልኝ፤ ከዚያ እኔው ጋ ሁን። በሞቴ፣ ዛሬን ለወንድምህ እንዳትነግረው። ሠርጉ ይበላሽበታል።»

ባለጠጋው ድገመው አለና እንደገና ሰማው። ይህ ሁሉ ሲባል እሱ እዚያው ነበር፤ በእልልታው አልሰማም። የአባቱ እጅ በራሱ ላይ ነበረ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቶት፣ ደስታ መስሎት ነበር።

ባለሙያው ልቁረጠው ወይ ብሎ ጠየቀው። ካሴቱን እዚያው ትቶ ወጣና በእግሩ ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ።

ታናሽየው በሩን ከፍቶ ፊቱን ሲያየው ደነገጠ። «ወንድም ጋሼ፣ ማን ሞተ?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ታናሽየው ነገሩ ገባው። «አባባ በሞቴ ያለኝ ለሠርጉ ቀን ብቻ ነበር» አለ። «በማግስቱ ልነግርህ መጣሁ፤ ከደጅ አስመለስከኝ። አባባ እንዳይብስበት ብዬ መኳረፋችንን ደበቅኩት። በለቅሶውም ላይ ልነግርህ ነበር፤ ጀርባህን ሰጠኸኝ።»

መምህር ጥላዬ እዚህ ላይ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ያ ሰው ያየው ሐሰት አልነበረም፤ ወንድሙ በእርግጥ ወጥቷል። ለምን እንደ ወጣ ግን አላየም። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ‹ቀንቶብኝ ነው› የሚለውን የራሱን ቃል አስገባና፣ ሁሉንም በዓይኔ አየሁ አለ። አንቺም ልጄ፣ ሣጥኑ ሲወጣ አይተሻል። ወዴት እንደ ሄደ፣ ማን ውሰጂው እንዳላት አላየሽም። ‹ሌባ ናት› ያለሽ ዓይንሽ አይደለም፤ እሱን የቀጠልሽበት አንቺ ነሽ። ሌባም ልትሆን ትችላለች፤ እኔ አላውቅም። አንቺም አታውቂም። ያ ሰው አባቱ እጃቸውን ጭነውበት ሲታመሙ ሳያውቅ ቀረ፤ ዛሬ ሊጠይቃቸው ቢሻ የሉም። እህትሽ ግን አለች። ሂጂና ጠይቂያት።»