የእትዬ ዘርፌ ስንዴና ዳቦ ያጣው ኮሚቴ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ ላምም በረትም የለኝም። የምነግራችሁ ሰንበቴ በር በምትባል ከተማ አንድ ጆንያ ስንዴ ለማስፈጨት ስለተንከራተቱ ሴት ነው።

እትዬ ዘርፌ ይባላሉ። ልጃቸው ውባለም እሁድ ታገባለች። የፈለጉት ብዙ አይደለም፤ ለሠርጉ ድፎ የሚሆን ዱቄት ብቻ። ማክሰኞ ጠዋት ጆንያቸውን በጋሪ አስጭነው ወፍጮ ቤት ደረሱ።

«ጋሽ ደምስ፣ ይቺን ይፍጩልኝ። ልጄ እሁድ ታገባለች።»

«በምኔ ልፍጨው እትዬ? ኮረንቲው ደክሞ ሞተሩ አልነሳ አለኝ» አሉ ባለወፍጮው።

ወደ ኮረንቲ መስመር ሠራተኛው ሄዱ። «ልጄ፣ ወፍጮው አይፈጭም፣ ልጄ እሁድ ታገባለች፤ ኮረንቲ ስጠን።»

«ከየት አምጥቼ እማማ? ከተማው ዳር ያለው መጋዘን እየጠጣው! ክሪፕቶ የሚያመርቱ ማሽኖች አሉበት። በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ ገንዘብ ነው፤ አይጨበጥም፣ ኪስ አይገባም።»

«ላም አለኝ በሰማይ በለኛ!» አሉና መጋዘኑ ደረሱ። ማሽኖቹ ሲያጓሩ ምድሩ ይንቀጠቀጣል። ሥራ አስኪያጁን፣ «ኮረንቲው አይመጣም፣ ወፍጮው አይፈጭም፣ ልጄ እሁድ ታገባለች፤ ለአንድ ቀን አጥፋልኝ» አሉት።

«አላጠፋም። ፈቃድ አለኝ» ብሎ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ወረቀት አሳያቸው። ቀን አጥፋ፣ ሌሊት አብራ የሚል ቃል የለበትም።

ረቡዕ ፈቃድ ሰጪዋ ዘንድ ቀረቡ። «መጋዘኑ አይጠፋም፣ ኮረንቲው አይመጣም፣ ወፍጮው አይፈጭም፣ ልጄ እሁድ ታገባለች፤ ፈቃዱን አስተካክይልኝ።»

«ያለ መመሪያ ማህተም አልመታም እናቴ» ብላ ማህተሟን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። መቆለፍማ ማን ብሏት!

ወደ ሕግ አዋቂው ሄዱ። «ማህተሙ አይመታም፣ መጋዘኑ አይጠፋም፣ ኮረንቲው አይመጣም፣ ወፍጮው አይፈጭም፣ ልጄ እሁድ ታገባለች፤ መመሪያውን ጻፍልኝ።»

«እንዴት ልጻፈው? ክሪፕቶ ገንዘብ ይሁን ዕቃ ገና አልተወሰነም። ገንዘብ ከሆነ የባንክ ሕግ ይገዛዋል፤ ዕቃ ከሆነ የንግድ። ኮሚቴ ተቋቁሞለታል።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሦስት ዓመት።»

ሦስት ዓመት! ልጅ ተወልዶ አፍ ይፈታበታል። እነሱ ግን ስም እንኳ አላወጡለትም።

ሐሙስ የኮሚቴውን ሰብሳቢ አቶ ጌጤነህን ባዶ አዳራሽ ውስጥ አገኟቸው። «ሕግ አዋቂው አይጽፍም፣ ማህተሙ አይመታም፣ መጋዘኑ አይጠፋም፣ ኮረንቲው አይመጣም፣ ወፍጮው አይፈጭም፣ ልጄ እሁድ ታገባለች፤ ተሰብሰቡልኝ!»

«አንሰበሰብም። በዚህ ከተማ ያለ ሻይና ዳቦ ስብሰባ ተከፍቶ አያውቅም። ዳቦ ከሌለ አባላቱ አይመጡም፤ ካልመጡ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። ዳቦ ቤቱ መላክ ካቆመ ስንት ጊዜው!»

ወደ ዳቦ ጋጋሪው ሮጡ። «ኮሚቴው አይሰበሰብም፣ ሕግ አዋቂው አይጽፍም፣ ማህተሙ አይመታም፣ መጋዘኑ አይጠፋም፣ ኮረንቲው አይመጣም፣ ወፍጮው አይፈጭም፣ ልጄ እሁድ ታገባለች፤ ዳቦ ጋግርላቸው!»

«በየትኛው ዱቄት እትዬ? ወፍጮው መቼ ይፈጫል?»

ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ! እትዬ ዘርፌ ሦስት ቀን የዞሩት በገዛ ጆንያቸው ዙሪያ ነው። እንደኔ ቢሆን አዳራሹ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጮህ ነበር። እሳቸው ግን አልጮሁም። ባለጋሪውን ጠርተው፣ ጆንያውን አዳራሹ ድረስ አሸክመው፣ ስንዴውን ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አቶ ጌጤነህ።

«ዳቦዎ ነዋ! ይቆርጥሙት! ገንዘቡን አላየሁ፣ ዕቃውን አላየሁ፤ ያየሁት የልጄን ሠርግ ሲበላ ነው። ሳይፈጭ ዳቦ የሚሆን ስንዴ ካወቁ ያሳዩኝ!»

አቶ ጌጤነህ አንዷን ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጣሉ። ጥርሳቸው ቀጭ አለ። ስልካቸውን አንስተው ለአባላቱ ሁሉ ደወሉ። «ዳቦ የሚገኘው ከተሰበሰብን ነው!»

እንዲያ ሲባልማ ሁሉም መጡ። ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ በሩብ ሰዓትም፣ «ገንዘብም ይሁን ዕቃ፣ ወፍጮ በሚሠራበት ሰዓት ኮረንቲ አይበላም» ብሎ ወሰነ። ሕግ አዋቂው ጻፈ። ማህተሙ ተመታ። መጋዘኑ ጠፋ። ኮረንቲው መጣ። ወፍጮው ፈጨ። ቅዳሜ ድፎው ተጋገረ፣ እሁድ ውባለም ተዳረች።

ቃለ ጉባኤው ግን «ኮሚቴው በራሱ ተነሳሽነት ወሰነ» ይላል። አቶ ጌጤነህም ሰኞ ሾፌራቸውን ወደ ሠርጉ ቤት ለዳቦ ላኩ። «ንገራቸው» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ «ዳቦው በራሱ ተነሳሽነት አልቋል።»

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አብሱ ግን አልልም፤ ዳቦውን ሠርገኛ በልቶታል፤ ደግ አደረገ።