ከወንዝ ማዶ የመጣ ሁሉ ይግባ

አንድ ጊዜ፣ አህዮች ከጭነት ጎን ለጎን ኮምፒውተርም በለመዱበት ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ። ወዲህ የአህዮች የጭነት ማኅበር፣ ወዲያ ማዶ የዝንጀሮዎች የእህል ንግድ ቤት። ዝንጀሮዎቹ እህል ይሸምታሉ፤ አህዮቹ ከወዲህ ጭነው ያሻግሩላቸዋል። የትኛው ጭነት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚነጋገሩት ከቢሮ ቢሮ በተዘረጋ የኮምፒውተር መስመር ነበር።

መስመሩ እንዲሁ የተለቀቀ አልነበረም። በአህዮቹ በኩል ፋየርዎል የሚሉት በር ነበረው፤ የበሩ ጠባቂ ደግሞ ጫኔ የሚባል ሽማግሌ አህያ ነው። ፋየርዎሉ የተጻፉለትን ደንቦች ከላይ ወደ ታች በተራ ያነባል፤ ለመጣው መልእክት የሚስማማ ደንብ ካገኘ እዚያው ያቆማል፣ የታችኛውን አያይም። የላይኛው ደንብ «ከዝንጀሮዎቹ ቢሮ ማኅተም ይዞ የመጣ የጭነት ደብዳቤ ይግባ» ይላል። የመጨረሻው ደግሞ «ሌላው ሁሉ ይመለስ» ይላል። እነዚህን ደንቦች ጫኔ ከዝንጀሮዎቹ የመስመር ኃላፊ ከጦጢት ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ተከራክሮ ነው ያወጣቸው።

«ስማኝ ጫኔ» ብላው ነበር ጦጢት፤ «አንዲት ደንብ ስትጨምርም ስትቀንስም መጀመሪያ ደውልልኝ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።»

ጫኔ ሥራውን ይሠራል እንጂ አይወደውም ነበር። በጉልበቱ ዘመን የሁለቱ ቤቶች መልእክተኛ እሱ ነበር። ደብዳቤውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወንዙን ሲሻገር ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ላይ «ጫኔ መጣ! ጫኔ መጣ!» እያሉ ይንጫጩ ነበር። ገብስ ይቀርብለታል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሞተውና ስለ ተወለደው ሲጫወቱ ይውላሉ፤ ደብዳቤውን የሚያስረክበው ሊሄድ ሲነሳ ነው። ማን ነህ፣ ከየት ነህ ያለው የለም። አሁን ደብዳቤው በቅጽበት ይደርሳል፤ «እንዴት ዋልክ» የሚል ግን ጠፋ።

«ምን ዋጋ አለው» ይል ነበር ጫኔ ላገኘው ሁሉ፤ «በሩ ጠነከረ፣ ጉርብትናው ላላ።»

ይህን ቀበሮ ሰማች። የአገር ወሬ ከቀበሮ ጆሮ አያመልጥምና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቢሮው ደጃፍ መጥታ ቆመች።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ ጫኔ! በዝንጀሮዎቹ ቤት አዲስ የተቀጠርኩ ነኝ። እዚያ ማዶ ስምዎ እንዴት እንደሚነሳ ቢያዩ! ሽማግሌዎቹ ሁሉ ‹እንደ ጫኔ ያለ መልእክተኛ ድሮ ቀረ› ይላሉ።»

የጫኔ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። «እውነት? ያነሱኛል?»

«ማንሳት ብቻ! በመስመሩ ሰላምታ ሊልኩልዎ ሞክረው፣ ያ ፋየርዎል ‹የጭነት ደብዳቤ አይደለም› ብሎ መለሰባቸው። አዬ ዘመን! የድሮ ወዳጅ ከደጅ ተመለሰ።»

ጫኔ ጠጋ አላት። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከሁሉም በላይ አንዲት ደንብ ይጻፉ። ‹ከወንዝ ማዶ የመጣ ሁሉ ይግባ› ይበሉ። ለጊዜው ነው፤ ነገ ይሰርዟታል።»

ጫኔ ስልኩን አየው። ለጦጢት መደወል ነበረበት። ነገር ግን እንግዳ ፊቱ ቆማ «ይቺን ታውቂያታለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለው። ባደገበት ቤት እንግዳ ውሃ ሳይቀርብለት ከየት መጣህ አይባልም። ስለዚህ አልደወለም። ውሃውን አቀረበላት፤ ደንቧንም ከሁሉም በላይ ጻፋት። ቀበሮ ጠጥታ፣ መርቃው ሄደች።

የሄደችው ግን ወደ ዝንጀሮዎቹ ቤት ሳይሆን እዚያው ማዶ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ነበር። ዋሻውም ከወንዝ ማዶ ነውና ደንቧ ለእነሱም በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችላቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋሻው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ገብተው የነገውን የጉዞ መዝገብ አነበቡ፤ ስድስት አህዮች ማለዳ ተነስተው እኩለ ቀን ላይ በጠባቡ ገደል ያልፋሉ።

«አየህ አያ ጅቦ» አለች ቀበሮ፤ «ያንተ ሥራ ገደሉ ሥር አድፍጦ መጠበቅ ነው። ኮምፒውተሩን ግን እንዳትነካ!»

«ምን በወጣኝ» አለ ጅቦ።

ጅብን ግን ሆዱ መቼ ዝም ይለዋል? በማግስቱ ማለዳ ቀበሮ ወጣ ስትል፣ በወፍራም ጣቱ ፊደል እየለቀመ መጻፍ ጀመረ።

ጫኔ በዚያ ማለዳ ስድስቱን አህዮች ሸኝቶ መቀመጡ ነበር። ከስድስቱ አንዷ ልጁ ቦራ ናት፤ ጉዞው የመጀመሪያዋ ነው። የድሮ ወዳጆቹን ሰላምታ ሲጠብቅ መልእክት ገባ። ልቡ እየመታ ከፈተው።

«ለአህዮች ማኅበር። እኛ ዝንጀሮዎች ነን። ከሚመጡት ውስጥ የሰባችው የትኛዋ ናት? እሷ ከኋላ ትሁንልን።»

ጫኔ ሁለት ጊዜ አነበበው። ለዝንጀሮ የአህያ ስብ ምን ያደርግለታል? ስልኩን አነሳ።

«ጦጢት፣ አዲስ የቀጠራችኋት ቀበሮ አለች?»

«ቀበሮ? እኛ? ጤናህን ነው ጫኔ?»

ሁሉንም ነገራት።

«ደንቧን አሁኑኑ ሰርዝ። ከዚያ ማን ምን እንዳነበበ እይ።»

ሰረዘ። አየም። የጉዞው መዝገብ ትናንት ከአያ ጅቦ ዋሻ ተነቧል።

«በሩን ዘግተሃል፤ የወጣው ግን ወጥቷል» አለች ጦጢት። «መንገድ ላይ ላሉት መስመርም ስልክም አይደርሳቸውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብህ፣ ተነስ ሩጥ!»

ጫኔ ሮጠ። ጉልበቱ የድሮው አልነበረም፤ አቋራጩን ግን እግሩ አልረሳውም። አረፍ ይልበት የነበረውን ዋርካ ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየው አለፈ። ያን ሁሉ ዓመት የናፈቀውን መንገድ እንዲህ ሆኜ እረግጠዋለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። «ልጄን ብቻ፣ ልጄን ብቻ» እያለ ሮጠ።

ጠባቡ ገደል ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ደረሰባቸው። ድምፁ አልወጣ ቢለው ፊታቸው ተጋርጦ ቆመ። ትንፋሹ ሲመለስለት ጅብ ገደሉ ሥር እንደሚጠብቃቸው ነግሯቸው፣ ወደ ኋላ መልሶ በታችኛው መሻገሪያ አሻገራቸው። አያ ጅቦ ገደሉ ሥር ምራቁን ሲውጥ ዋለ፤ ያተረፈው ነገር ቢኖር የቀበሮን ስድብ ነው።

ማዶ ደርሰው ጭነታቸውን ሲያራግፉ ቦራ ወደ አባቷ ቀረበች።

«አባዬ፣ በዚያ ገደል እንደምናልፍ ለጅቡ ማን ነገረው?»

ጫኔ ነገሩን በቀበሮ ላይ ጥሎ ማለፍ ይችል ነበር። ቀበሮ ናት ቢል የማያምነው አልነበረም።

«እኔ ነኝ ልጄ» አለ። «ድሮ ናፈቀኝና በሩን ከፈትኩት።»

ቦራም ላቡ ባልደረቀ አንገቱ ላይ አንገቷን አሳረፈች፤ ሽማግሌውም አለቀሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ወዳጁን የሚያከብር በሩን ለመጣው ሁሉ የሚከፍት ሳይሆን፣ በወዳጁ ስም የመጣውን ከወዳጁ ጠይቆ የሚያስገባ መሆኑን ነው።