ወጌሻ ነኝ ያለው ምንይችል

በድሮ ዘመን፣ ሰው ከተራራ ተራራ በአፉ እየተጣራ ወሬ በሚያደርስበት ዘመን፣ ምንይችል የሚባል አንድ የቆላ ሰው ነበር። ምንይችል ሌባ አልነበረም። ክፉም አልነበረም። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ ሲፈራ ይዋሻል። ውሻ ቢጮህበት ይዋሻል፣ ዳኛ ቢያየው ይዋሻል፣ ሚስቱ ድምጿን ከፍ ካደረገች ይዋሻል። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው አትሳቅ፤ እኔ የማውቅህ ይመስለኛል።

ከምንይችል አገር በላይ አንድ ትልቅ ተራራ አለ። ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ሰባት አገር ያያል ይባላል። ምንይችል ከልጅነቱ ጀምሮ እዚያ ቆሞ ማየት ይመኛል። ግን ተራራው ላይ የሚኖሩትን ደገኞች ይፈራል። በቆላ ስለ ደገኞቹ የማይወራ የለም፤ እንግዳ ሲመጣባቸው ከገደል ይወረውራሉ ይባላል። ማን አየ ብትሉ ማንም አላየም።

አንድ ቀን ምኞቱ ፍርሃቱን አሸነፈውና ስንቁን ቋጥሮ፣ ገና በማለዳ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ጉልበቱ ሲዝል የመጀመሪያው መንደር ደረሰ።

መንደሩ መግቢያ ላይ ወንዶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። ሁሉም ያዩታል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ እጃቸውን በጨርቅ አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

“ከየት ነህ ልጄ? ምን ፈልገህ መጣህ?” አሉት።

ምንይችል ዱላዎቹን አየ። አገር ለማየት ነው ቢል ማን ያምነዋል? ሰላይ ነህ ቢሉትስ? ዓይኑ የሽማግሌው እጅ ላይ አረፈ።

“ወጌሻ ነኝ። የተሰበረ እጠግናለሁ” አለ። ወጌሻን ማን ይገድላል ብሎ ነው።

የሽማግሌው ፊት በራ። “የእኔስ እየገጠመ ነው። አንተ የምትፈለገው እላይ መንደር ነው። ቶሎ ውጣ” አሉትና አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጡ። ደህናውን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ተጣሩ።

ነፋሱ ቃሉን በታተነው፤ ምንይችል አንዱንም አልለየም። ምን አሉ? ያዙት ነው ያሉት? ገደሉ አፍ ላይ ጠብቁት ነው? እንዳይመለስ ዱላ የያዙት ሰዎች ከኋላው ናቸው። ወደ ላይ ሄደ።

ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ሁለተኛው መንደር ሲደርስ አንዲት ባልቴት መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

“ና የኔ ልጅ፣ ወጌሻው አይደለህ?” አሉት።

ምንይችል ደነገጠ። ለእሳቸው ማን ነገራቸው? ባልቴቷ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው እግሩን በሞቀ ውኃ ያጥቡት ጀመር።

“ብዙ ሰው ጠግነሃል?” አሉት ቀና ብለው።

አሁን እውነቱን ቢናገር ምን ያደርጉታል? “ብዙ። አጥንቱ የደቀቀ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ የቆረጠበት ሳይቀር” አለ።

“እሰይ፣ እግዜር ነው የላከህ” አሉና እሳቸውም ድንጋይ ላይ ወጥተው ተጣሩ።

ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ሦስተኛው መንደር ከጫፉ ሥር ነው። እዚያ ሕዝቡ በሙሉ ደጅ ቆሟል። መንገድ ከፍተው አንድ ጎጆ ውስጥ አስገቡት። ውስጥ ትብለጥ የምትባል ልጅ ቁርበት ላይ ተኝታለች። ትናንት ጓሳ ሣር ስታጭድ ከገደል ወድቃ እግሯ ተሰብሯል፤ አብጧል፣ አጥንቱ ቆዳዋን ገፍቶታል። ልጅቷ ማልቀስ እንኳን ደክሟታል።

እናቷ ምንይችልን አየችው። “እግሯን አድንልኝ። ሌላ ልጅ የለኝም” አለችው።

ምን ታደርጉ ነበር እናንተ? እሱ ያደረገውን ልንገራችሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ዋሸ። “መድኃኒቱ ቅጠል ነው፣ ተራራው ጫፍ ላይ ይበቅላል። ልቅጠፍና ልምጣ” አለ። ሐሳቡ ሮጦ ማምለጥ ነው። እናትየው ግን “መንገዱን ላሳይህ” ብላ ተከተለችው።

ጫፉ ላይ ደረሱ። አገር ሁሉ ከሥሩ ተዘረጋ። ሰባት ይሁን ስምንት ምንይችል አልቆጠረም፤ ዓይኑ የሚያመልጥበትን ይፈልጋል። በስተግራ ቁልቁል የሚወርድ የፍየል መንገድ አየ።

“ታያቸዋለህ?” አለችው እናትየው ወደ ታች እያመለከተች። ሩቅ፣ ከታች፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ወደ ወንዙ ትሄዳለች። “እኚያ በበቅሎ የሚወርዱት አያ መንገሻ ናቸው፣ የአገራችን ወጌሻ። አስጠርተናቸው ግማሽ መንገድ መጥተው ነበር። አንተ መጣህ ሲባል ‘ወጌሻ አግኝተናል፣ አይድከሙ’ ብለን በጥሪ መለስናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።”

ከወንዙ በላይ ሰማዩ ጠቁሯል። ዶፉ ከወረደ ወንዙ ይሞላል፤ ከሞላ ስንት ቀን ማንም አይሻገረውም።

“አሁን በጥሪ ቢመለሱስ?” አላት።

“ምን ተብሎ? እኛ ዘንድ በጥሪ የሄደ ቃል እንዲሁ አይሻርም። ሌላ ሰው አይጨምርበትም፣ አይቀንስበትም። የሄደው ‘ወጌሻ ነኝ’ ያልከው ቃል ነው፤ የሚያነሳው ባለቃሉ ራሱ ነው፣ ስሙን ተናግሮ። ለምን ትጠይቀኛለህ?”

ምንይችል የፍየሉን መንገድ አየ። ነጥቧን አየ። የእናትየውን ፊት አየ።

እጁን አፉ ላይ አደረገና ሊጣራ ሞከረ። ድምፁ አልወጣም።

ሁለተኛ ሞከረ። አሁን ወጣ፤ ግን ያ የለመደው ምላሱ ቀደመው። “ወጌሻው ነኝ! አያ መንገሻ መጥተው ያግዙኝ!” አለ። ቃሉ ከተራራ ተራራ ሄደ። ቆይቶ መልስ መጣ። “አያ መንገሻ አንድ እግር ሁለት ወጌሻ ቢጎትተው ይበላሻል፣ አንተው ጨርሰው ብለዋል።” ነጥቧ አልቆመችም። ወንዙ ቀርቧታል።

እናትየው ትክ ብላ ታየዋለች። የገባት ይመስላል።

በሦስተኛው ምንይችል ዓይኑን ጨፍኖ ተጣራ። “እኔ ምንይችል ነኝ፣ የቆላው። ወጌሻ አይደለሁም። አንድም አጥንት ጠግኜ አላውቅም። ፈርቼ ዋሸሁ። ልጅቷ እግሯን ልታጣ ነው፣ አያ መንገሻ ይመለሱ።”

ቃሉ ሄደ። ከአንዱ ተራራ “ምንይችል ነኝ” ተባለ። ከሌላው ተራራ “ወጌሻ አይደለሁም” ተባለ። ታች ከሩቁ “ፈርቼ ዋሸሁ” ተባለ። ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልተቀነሰም። እናትየው ከአጠገቡ ራቅ አለች። አልሰደበችውም። ዓይኗ ነጥቧ ላይ ነው።

ነጥቧ ወንዙ ዳር ደረሰች። ቆመች። ውኃ ልትጠጣ ይሁን ልትሻገር ማን ያውቃል? ቆየች። ዝናቡ ማዶ መጣል ጀመረ። ከዚያ ነጥቧ ዞረች። እናትየው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

አያ መንገሻ በስብሰው ደረሱ። ጎጆው ውስጥ ገብተው እግሩን ዳበሱና “ያ ወጌሻ የታለ?” አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ምንይችል ዞረ። “ና፣ ከላይ ጥብቅ አድርገህ ያዛት” አሉት። ያዛት። እሳቸው ሳቡ። ትብለጥ እሪ አለች፣ አጥንቱ ቦታው ገባ፣ በቀርከሃ ታሰረ። ያን ማታ ለምንይችልም እንደ ሰው ሁሉ እራት ሰጡት፤ ማንም ግን አላናገረውም። ቢመቱት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ወረደ። ስሙን የማያውቅ መንደር አልነበረም። ባልቴቷ “ወጌሻ ያልሆንከው አንተ ነህ?” ብለው ውኃ ሰጡት። የመጀመሪያው መንደር ሲደርስ እጃቸው የታሰረው ሽማግሌ አስቆሙት።

“ማንን ፈርተህ ነው የዋሸኸው?”

“እናንተን” አለ አንገቱን ደፍቶ። “ዱላ ይዛችሁ ቆማችሁ ነበር።”

“ዱላውን የያዝነው አንተን ፈርተን ነበር” አሉት።

እንግዲህ ልጆች፣ ስትፈሩ ፈራሁ በሉ። ፈራሁ ያለ ሰው አይዞህ የሚለው አያጣም። ፈርታችሁ ከዋሻችሁ ግን ውሸታችሁ እናንተ ዘንድ አይቀመጥም፤ ተነስቶ ይሄድና የማታውቁት በሽተኛ ራስጌ ይቆማል። እኔ ጨርሻለሁ፣ ጉሮሮዬም ደርቋል። ውኃ አቀብሉኝና ወደየቤታችሁ ግቡ።