የገበያዋ አረቄ መርማሪ

አንድ ጠርጣራ ባለጸጋ ነበረ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ ዳዊት ሲደግመው የሚውል፣ ጥላውን እንኳ የማያምን ሰው ነው።

በአገሩ በተበረዘ አረቄ ዓይናቸው የጠፋ ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት ከጤና ጣቢያ ተልካ ገበያ ዳር ተቀመጠች። ጠጪው ጠርሙሱን ይዞላት ይሄዳል፤ እሷም ጥቂት ትቀዳና መድኃኒት ጠብ አድርጋበት፣ መርዝ ይኑርበት አይኑርበት ትነግረዋለች። አትጠጣ ብላ አትቆጣ፣ ጠጣ ብላ አትጋብዝ። ይህ ነገር ለባለጸጋው አልዋጥ አለው። ሰካራም የምታበረታታ ሴት ደኅና አይደለችም፣ የአንዱ አረቄ ነጋዴ ቅጥረኛ መሆን አለባት እያለ ለሰው ሁሉ ያማት ጀመር።

የአባቱ ተዝካር ደረሰ። የድግሱን አረቄ ያመጣለት የገዛ ወንድሙ ነው። ባለጸጋው በተዝካሩ ጧት ከዚያው በብልቃጥ ቀድቶ ሊያጋልጣት ሄደ። ንጹሑን አረቄ ክፉ ነው ካለች፣ ውሸቷ በገበያተኛው ፊት ይወጣል ብሎ ነው።

ሴትዮዋ መረመረችና ይህ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም አለችው።

«ያዝኩሽ! ወንድሜ ያመጣልኝ ነው» አለ።

«ወንድምዎስ ከማን ገዛው?»

እስቲ ጉዱን እይ! ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው፣ ይህቺን ጥያቄ አንድም ቀን አልጠየቀም። ወደ ቤቱ ሲመለስ እሷን አሁንም አላመናትም፤ የወንድሙን አረቄም ማመን አቃተው። ሲደርስ እንግዶቹ መለኪያ ይዘው ተቀምጠዋል፣ ሊቀዳላቸው ነው። ከልቡ ፈራ። የአረቄውን ጀሪካን ነጥቆ ሁሉም እያየ መሬት ላይ ደፋው። እንግዶቹ በአባቱ ተዝካር እንኳ ይሰስታል እያሉ እያሙት ወጡ፤ ወንድሙም አኮረፈው።

አየህ ልጄ፣ ወጣቶቹ የሚወስዱትን አደንዛዥ ክኒንና ዱቄት የሚመረምር ቤት በሰፈራችን ቢከፈት ማበረታታት አይሆንም ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ያቺ ሴት አረቄ አላወጣች፣ ጠጪ አልፈጠረች። ዛሬ መተው ያቃተው ሰው፣ እስኪተው ድረስ በሕይወት ይቆይ ነው ያለችው። በዚያ ተዝካር አንድም ሰው አልሞተም፤ ስለዚህ ማንም አላመሰገናትም። ለምትጠረጥረው ቤት ምስክር ብትፈልግ፣ ምስክሩ ከተዝካሩ ዓይኑ ሳይጠፋ በሰላም ወደ ቤቱ የተመለሰው እንግዳ ነው። እሱም ከምን እንደዳነ አያውቅም።